በቤት ዘይት ድንጋይ ላይ ያለው ዱካ

  የታሪክ ዝግጅታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ስደትና ስለ ጦርነት ነው። ዛሬ ግን ነገሥታቱ ቀርቶ ሰው ራሱ በምድር ላይ ባልነበረበት ጊዜ ስለ ሆነ ነገር እንነግራችኋለን። ምልክቱን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ፣ ከሞጻ አጠገብ፣ ቤት ዘይት በምትባለው ሞሻቭ ውስጥ፣ በሰው መኖሪያ ቤቶች መካከል ይገኛል። የዳይኖሰር እግር ዱካ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ቤት ዘይት በ1949 የተመሠረተች ሞሻቭ ናት። የመሠረቷትም ከዩጎዝላቪያ፣ ከሩማንያና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያውቃት በሶሬቅ ሸለቆ ላይ በተሠራው ግድብ ምክንያት ነው። ክረምቱ ዝናባማ ከሆነ ውኃው ሞልቶ ለማየት የኢየሩሳሌም ሰው ልጆቹን ይዞ ይወርዳል። ከግድቡ ብዙ ሳይርቅ፣ በሞሻቩ መንደር ውስጥ፣ ከድንጋይ ንጣፍ ላይ አፈሩ ሲነሳ በ1962 ለዓይን ያልተለመደ ነገር ታየ። በድንጋዩ ላይ ባለ ሦስት ጣት እግር የረገጠው የሚመስል ጉድጓድ ነበር። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውኃ የቦረቦረው ነው ተብሎ በታለፈ። ነገር ግን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያለ መሥመር ይዞ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማለት የምፈልገው አለኝ። በዚያን ጊዜ የሞሻቩ ነዋሪዎች ባለጸጎች አልነበሩም። ግቢ የሚያስተካክል ሰው ድንጋዩን በዶማ ፈልጦ ለአጥር ቢደረድረው፣ ወይም ሲሚንቶ አፍስሶበት ቢሸፍነው ማንም አይከሰውም ነበር። እንዲያ አልተደረገም። ወሬው ወደ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ፤ ከኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲም የቅሪተ አካል ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ሞሼ አቭኒሜሌክ መጥተው ተመለከቱት። ወዲያውም በዚያው በ1962 ስለ ኢየሩሳሌም የዳይኖሰር ዱካዎች የጻፉት አጭር ሪፖርት ኔቸር በሚባለው የእንግሊዝ አገር የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። በኋላም በ1966 ሰፋ አድርገው ጽፈውበታል። ከዚህ የተነሣ ከጓሮ አትክልት በቀር ሌላ የማትታወቅበት ሞሻቭ ስሟ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ተነበበ።

ዱካዎቹ 200 ያህል ናቸው። እያንዳንዱ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ጣት ብቻ ይታያል፤ መካከለኛው ረዘም ይላል። የፊት እግር ምልክት የለም። ስለዚህ እንስሳው በሁለት እግሩ ብቻ የሚሄድ ነበረ ማለት ነው። አቭኒሜሌክ የገመቱት ቀጠን ያለ፣ አንገቱና እግሩ ረዥም፣ አካሄዱ ሰጎንን የሚመስል፣ ጅራት ያለው ዳይኖሰር እንደ ነበር ነው። በፊልም የሚታየውን ሕንጻ የሚያህል አውሬ ለማየት አስቦ የሚሄድ ሰው ትንሽ ሊከፋው ይችላል። የቤት ዘይቶቹ ቁመታቸው ከሰው ብዙም የማይበልጥ ነበሩ።

እንግዲህ ጭቃ ላይ የተረገጠ ነገር እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? የዛሬው የይሁዳ ተራራ በዚያን ጊዜ ተራራ አልነበረም። ዛሬ ሜዲትራኒያን የምንለው ባሕር ሳይኖር በፊት ቴቲስ የሚባል ሰፊ ባሕር ነበረ፤ ይህ አገርም የዚያ ባሕር ዳርቻ ነበር። ውኃው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ስለ ነበር ከሥሩ ነጭ የኖራ ጭቃ ይጠራቀም ነበር። ባሕሩ ሸሸት ሲል ጭቃው ይገለጣል፤ ሲመለስ ይሸፈናል። በዚህ መካከል እንስሳቱ አለፉ። ጭቃው በጣም ቀጭን ቢሆን ኖሮ እግራቸውን እንዳነሱ ተመልሶ በገጠመ፤ በጣም ደረቅ ቢሆንም አይቀረጽም ነበር። ልክ ቤት የሚለስን ሰው እንደሚያቦካው ጭቃ፣ ጣት ሲነካው ምልክቱን የሚይዝ ነበር። ከዚያ ፀሐይ አደረቀው፣ ሌላ የጭቃ ድርብ መጥቶ ሸፈነው፣ በላዩም ሌላ፣ እንደ ገናም ሌላ ተደራረበበት። የላዩ ክብደት የታቹን ተጭኖ ወደ ድንጋይ ለወጠው። በመጨረሻም ምድሪቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተነሥታ ተራራ ስትሆን፣ ዝናብና ጎርፍ የላዩን እየላጠ ዱካውን መልሶ ወደ ብርሃን አወጣው። የኢየሩሳሌም ቤቶች የሚሠሩበት ነጭ ድንጋይም ከዚሁ ባሕር የተገኘ ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብሎ የሚመለከት ሰው አንዳንዴ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ ያገኝበታል።

የጊዜው ርዝመት 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ስለዚህ ቁጥር በኋላ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ክርክር አስነሥቶብናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በዚያን ዘመን ቀይ ባሕር አልነበረም። ይህች ምድር፣ ዐረብ አገርና አፍሪካ አንድ መሬት ነበሩ። ምድሪቱ ተሰንጥቃ ቀይ ባሕር መከፈት የጀመረው ብዙ ቆይቶ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ዛሬ ከሙት ባሕር ተነሥቶ በኤላት በኩል አልፎ እስከ አፋር የሚወርደው ትልቁ የምድር ስንጥቅ የዚያ ሥራ ነው።

የዳይኖሰር ዱካ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በቤት ዘይት አይደለም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ሳውዝ ሃድሊ በምትባል መንደር በ1802 ፕሊኒ ሙዲ የተባለ የገበሬ ልጅ የአባቱን እርሻ ሲያርስ ማረሻው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አወጣ። በድንጋዩ ላይ ባለ ሦስት ጣት የወፍ እግር የመሰለ ነገር ነበረበት። በዚያን ጊዜ ዳይኖሰር የሚባል ቃል ገና አልተፈጠረም። ቤተሰቡ ድንጋዩን ለቤቱ ደጃፍ መርገጫ አደረገው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ዱካው ይጫወቱ ነበርና ስም ወጣለት፤ የኖኅ ቁራ አሉት። እኛም ልከነው ሳይመለስ የቀረውን ሰው የቁራ መልእክተኛ እንላለን። ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ሳይመለስ የቀረው አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጭቃ ላይ ሲንጎራደድ ኖሯል ብለው መቀለዳቸው ነው።

ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ኤድዋርድ ሂችኮክ የተባሉ ሰው በኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ የሚገኙትን እንደዚህ ያሉ ድንጋዮች መሰብሰብ ጀመሩ። ሂችኮክ ቄስም የምድር ተመራማሪም ነበሩ። በ1836 ያሳተሙት ጽሑፍ ዱካዎቹ የግዙፍ ወፎች ናቸው የሚል ነበር፤ በ1864 እስኪሞቱም ድረስ ወፍ ናቸው ከማለት አልተመለሱም። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1842፣ ሪቻርድ ኦወን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ለእነዚያ የጠፉ ትልልቅ እንስሳት ዳይኖሰር የሚል ስም አወጣላቸው፤ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጉሙ አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሂችኮክ ላይ ብዙ ተስቆባቸዋል። ዛሬ ግን ወፎች የትናንሾቹ ባለ ሁለት እግር ዳይኖሰሮች ዘር መሆናቸውን ሳይንስ ስለ ተቀበለ ሰውየው ከእውነቱ ብዙም እንዳልራቁ ታውቋል። በመሆኑም ቤት ዘይት ላይ ዶሮ ነው ብሎ የሚጮኽ ሕፃን አይሳቅበት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከማኅበረሰባችን አረጋውያንና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሆነን ቦታውን ጎብኝተን ነበር። አብዛኞቹ አባቶች የመጡት ለሽርሽሩ እንጂ ለድንጋዩ አልነበረም። አስጎብኚዋ ወጣት በዕብራይስጥ ታስረዳለች፤ ልጆቹ ለአያቶቻቸው በአማርኛ ያስተላልፋሉ፤ ያልገባቸውን እየዘለሉ፣ የገባቸውንም እያሳጠሩ። እንደምታውቁት እንዲህ ያለው ነገር በቤታችን፣ በክሊኒክና በቢሮ ሁሉ የተለመደ ነው። ከጎንደር ክፍለ ሀገር የመጡ፣ በአገራቸው ዕድሜያቸውን በከብት ጥበቃና በእርሻ ያሳለፉ አንድ አባት ግን ከአጥሩ ዳር ቁጢጥ ብለው ዝም ብለው ድንጋዩን ይመለከቱ ነበር።

«አባባ፣ የዶሮ እግር ነው እንዴ?» አላቸው የልጅ ልጃቸው።

«ዶሮ ይህን ያህል እግር የላትም ልጄ። እየው፣ የአንዱ እንስሳ መንገድ ይኸውልህ። ይሄ ግራው ነው፣ ያ ቀኙ ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለው ደግሞ የሌላ ነው፣ ከእርሱ ጋር አይቆጠርም።»

«ሰው አባሮት እየሮጠ ነው?»

«አልሮጠም። የሮጠ ነገር እርምጃው ይራራቃል። ይሄ እኩል እኩል ነው የረገጠው።» ከዘራቸውን ሳያስነኩ ከድንጋዩ በላይ ዘርግተው ከአንዱ ዱካ እስከ ሚቀጥለው ለኩ፤ እንደ ገናም ወደ ፊት አንሥተው ለኩ። «አየህ? ምንም አልጎደለም። ይሄ የሚያሳድደው የሌለው ነው፤ መንገዱን የሚሄድ ነው።»

አስጎብኚዋ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ልጁን ጠየቀችው። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚነቱ በሌላው በኩል ሆነ። ልጁም ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ፣ ከዘራውን ሳይቀር በእጁ እያሳየ አስረዳ። እርሷም ሊቃውንቱ የሚሠሩት ይህንኑ ነው አለች።

እውነትዋን ነው። በ1976 ሮበርት ማክኒል አሌክሳንደር የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከዱካ ብቻ የዳይኖሰርን ፍጥነት የሚያሰሉበትን ዘዴ አሳተሙ። ዘዴውን ያገኙት ሰውን፣ ፈረስን፣ ዝሆንን፣ ወፍን ጭምር ሲሄዱና ሲሮጡ በመመልከት ነው። በመጀመሪያ የእግሩ መሬት ላይ ያረፈው ርዝመት ይለካል፤ የዳሌው ከፍታ የዚያ አራት እጥፍ ያህል ነው ተብሎ ይገመታል። ቀጥሎ አንዱ እግር ከረገጠበት እስከ ዚያው እግር እንደ ገና እስከ ረገጠበት ያለው ርቀት ይለካል። ርቀቱ ከዳሌው ከፍታ ሁለት እጥፍ ያነሰ ከሆነ እንስሳው ይራመድ ነበር፤ ወደ ሦስት እጥፍ ከተጠጋ ይሮጥ ነበር። ለምሳሌ እግሩ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዳሌው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። ከቀኝ እስከ ቀኝ ያለው እርምጃ 1 ሜትር ከ60 ቢሆን ስሌቱ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ይህም ገበያ እንዳያልፈው ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሰው አካሄድ ነው። አጥንት ሞቶ የወደቀ እንስሳ ነው። ዱካ ግን በሕይወት ሳለ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ይናገራል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ከአጥንት ባላነሰ የሚፈልጉት።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ግን ነገሩ ጸጥ ብሎ አላለቀም። ከአባቶቻችን አንዱ፣ «መቶ ሚሊዮኑን ዓመት ማን ቆጠረው? ዓለም ከተፈጠረ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ጥቂት ዓመት ነው ብለን አይደለም ወይ ሮሽ ሀሻና የምናከብረው?» ብለው ጠየቁ። ሌላው አባት ደግሞ ልጆቹን በትምህርት ቤት የሚያስቱት በዚህ ነው አሉ። አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ መልሱን ብታውቀውም በታላቆች ፊት መናገር ነውር ሆኖባት ነው። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነ በዝምታ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

በመጀመሪያ ስለ ቆጠራው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በውስጡ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ከዚህ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት፣ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ፣ አርጎን ወደሚባል አየር ይለወጣል። ከፖታሲየሙ ምን ያህሉ እንደ ተለወጠ የለካ ሰው ድንጋዩ ከቀዘቀዘ ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነው ያሰላል። በሽንቁር ማሰሮ ውስጥ የቀረውንና ከሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ አይቶ መፍሰስ ከጀመረ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንደሚያውቅ ሰው ማለት ነው። የቤት ዘይት ድንጋይ ከባሕር ጭቃ የተሠራ ስለ ሆነ በቀጥታ በዚህ መንገድ አይለካም። ዕድሜው የታወቀው በዚያ ዘመን ንጣፍ ውስጥ ከሚገኙት የባሕር እንስሳት ዛጎል ነው። እነዚያው ዓይነት ዛጎሎች በሌላ አገር ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተደራርበው ስለሚገኙ የአመዱ ዕድሜ ለዛጎሉ፣ የዛጎሉም ለዱካው ይመሰክራል።

ስለ ሃይማኖቱ ደግሞ፣ ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። በ1842 ዳንዚግ በምትባል ከተማ፣ ረቢ እስራኤል ሊፕሺትስ በፋሲካ በዓል ባደረጉት ስብከት ስለዚሁ ተናግረዋል። እኚህ ሰው በሚሽና ላይ በጻፉት ማብራሪያ የታወቁ ታላቅ ሊቅ ናቸው። በበረዶ ውስጥ በሳይቤሪያ ስለ ተገኘው ማሞት ስለሚባለው ዝሆን፣ ከምድር ስለ ተቆፈሩት የግዙፍ እንስሳት አጥንቶች እየጠቀሱ፣ ከእኛ ዓለም በፊት ሌሎች ዓለማት እንደ ነበሩ ከጥንት የተቀበልነውን ትምህርት የሚያጸና ማስረጃ ነው አሉ። መሠረታቸውም በበሬሺት ራባ ያለው የረቢ አባሁ ቃል ነው፤ ይኸውም ፈጣሪ ይህን ዓለም ከማጽናቱ በፊት ዓለማትን እየፈጠረ ያፈርስ ነበር የሚል ነው። አስተውሉ፤ ዓመቱ ኦወን ዳይኖሰር የሚለውን ስም ያወጣበት ያው 1842 ነው።

ሁሉም ረቢዎች በዚህ ተስማሙ ማለቴ አይደለም። በ1993 ስለ ዳይኖሰር የተሠራው ታዋቂ የአሜሪካ ፊልም እዚህ አገር በመጣ ጊዜ፣ በወተት ተዋጽኦ ዕቃ ላይ የዳይኖሰር ሥዕል ከተለጠፈ የካሽሩት ፈቃድ እንነሣለን ብለው ያስጠነቀቁ ረቢዎች ነበሩ። ስለሆነም በአውቶቡሳችን ውስጥ የተነሣው ክርክር የእኛ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብሎ የሚያፍር ወጣት ካለ ተሳስቷል። የተማሩትም ተከራክረውበታል። እኔ በበኩሌ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ነገር ዝም በል ብሎ ከመመለስ፣ አስቀምጦ እስኪ ንገረኝ ማለት ይሻላል እላለሁ። ያቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መንገዱ ሳያልቅ አያትዋ፣ «በይ ተናገሪ፣ ምን ብለው ነው የሚያስተምሯችሁ?» ብለው ስለ ፈቀዱላት እስከ መውረጃችን ድረስ አልቆመችም።

ሌላ የተነሣው ጥያቄ ሰው ከእነዚህ እንስሳት ጋር አብሮ ይኖር ነበር ወይ የሚል ነው። አልነበረም። ዳይኖሰሮቹ ከወፎች በቀር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ፓላክሲ በሚባል ወንዝ ውስጥ ከዳይኖሰር ዱካ አጠገብ የሰው እግር ዱካ ተገኘ የሚል ወሬ ለረዥም ጊዜ ይናፈስ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግማሹ ጠርዙ የተበላሸ የዳይኖሰር ዱካ ሆኖ ተገኘ፤ ግማሹን ደግሞ በ1930ዎቹ የችጋር ዘመን የአካባቢው ሰዎች እየፈለፈሉ ለጎብኚ ይሸጡት ነበር። ይሁን እንጂ ወሬው ጥቅም ሰጥቷል። ሮላንድ በርድ የተባሉ የኒውዮርክ ሙዚየም ሠራተኛ በ1938 ይህንኑ ተከትለው ሄደው እውነተኛውን የግዙፍ ዳይኖሰር መንገድ ወንዙ ውስጥ አገኙት። እስከ ዛሬ ከታወቁት የጥንት የእግር ዱካዎች ሁሉ ዝነኛ የሆነው፣ ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው መሰል ፍጥረት ዱካ ደግሞ በ1978 በሜሪ ሊኪ ቡድን ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ ላይ የተገኘው ነው። ዕድሜውም 3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከእኛ አገሯ ድንቅነሽ በጥቂት ይቀድማል።

ከቤት ዘይት ብዙ ሳይርቅ፣ በራማላ አቅራቢያ ካለው ከዓይን ያብሩድ የድንጋይ ካባ፣ ከዱካዎቹ ዘመን ብዙም በማይርቅ ድንጋይ ውስጥ እግር ያለው እባብ መገኘቱንም ሳልነግራችሁ አላልፍም። የኋላ እግሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ በባሕር ውስጥ የሚኖር ነበር። አንዱን በ1979 ጽፈው ያስታወቁት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጊዮርግ ሃስ ናቸው፤ በ2000 የታወቀው ሁለተኛው ዓይነት እባብም በእርሳቸው ስም ሃሲዮፊስ ተብሏል። ይህን ለአባቶች ስነግራቸው ወዲያው በኦሪት ስለ ተረገመው እባብ አነሡ፤ በሆድህ ሂድ ከመባሉ በፊት እግር ነበረው ማለት ነዋ ብለው ተሳሳቁ። ተመራማሪዎቹ ያንን ለማስረዳት ብለው አልቆፈሩም። ሆኖም ጨዋታው ጥሩ ስለ ነበር አልከለከልኳቸውም።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ምክር። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ጥልቀት የሌለው ዱካ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፤ ፀሐይ ስታዘነብል ግን ጥላው ወደ ጉድጓዱ ገብቶ እያንዳንዱ ጣት ይለያል። በአጥሩ ዙሪያ የሰው ቤትና ግቢ ስላለ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ድንጋዩ ላይ አትውጡ፤ ዝናብ፣ ፀሐይና የዛፍ ሥር ሳያንሱት የሰው ጫማ ሲጨመርበት 100 ሚሊዮን ዓመት የቆየውን በጥቂት ዓመት ያጠፋዋል። በአሜሪካ ሮኪ ሂል በምትባል ቦታ በ1966 ለመንግሥት ሕንጻ መሠረት ሲቆፈር 2000 ያህል ዱካ ተገኝቶ፣ አብዛኛውን እንዲቆይ ብለው መልሰው በአፈር ቀብረውታል። ሳይታይ መቆየቱ ታይቶ ከመጥፋቱ ይሻላል ብለው ነው።

በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወገኖቻችንም ይህን ልብ በሉ። በእስራኤል የ1978ቱ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የሚጠብቀው ሰው የሠራውን ብቻ አይደለም። ከ1300 ዓ.ም. በፊት የነበሩ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪቶችም በሕጉ ተጠቅሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ለጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። ቋንቋው የሚያስቸግር ከሆነ ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ።

በመጨረሻ፣ ከዘራቸውን ዘርግተው የለኩት አባት ስንሰነባበት፣ «በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ እንደ ቦታው ነው። በጎንደርና በስሜን የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ያ እሳት ሲፈስ ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ 36 ሚሊዮን ዓመት አልፏቸው ነበር። ስለዚህ በመንደሮቻችን ኮረብታ ላይ ቢፈለጉ አይገኙም። የጥንቱ ድንጋይ ከሥር ነው ያለው፤ ወንዝ ቆርጦ ካላወጣው አይታይም። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በ1990 እና በ1991 በአውቶቡስ የመጣችሁ ሁሉ ግን አይታችሁታል። ከደጀን ወርዳችሁ ወደ ጎሐ ጽዮን እስክትወጡ ድረስ ያ የዓባይ በረሃ ገደል እንደ እንጀራ የተደራረበው ያ ድንጋይ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳት ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋማው፣ ከዚያም የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ይታያል። የዓባይ ገባር በሆነው በሙገር ሸለቆ፣ ብዙዎቻችን በሲሚንቶው በምናውቀው አካባቢ፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ካገኙት ጠንካራ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ወጥተዋል። ግኝቱን በ1999 አስታውቀዋል፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከቤት ዘይቶቹ ይልቅ ያረጀ ነው ማለት ነው።

ለጎንደር ቅርብ የሚሆነው የጭልጋ ነው። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ በጭልጋ አካባቢ ከወንዝ ዳር የተገኙትና በ2003 ለዓለም የታወቁት ቅሪተ አካላት የዳይኖሰር አይደሉም፤ ዕድሜያቸውም 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከእነርሱ መካከል የዛሬው ዝሆን የጥንት ዘመዶች፣ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ያሉት ግዙፍ እንስሳም ይገኙበታል። ለአባታችን ይህን ስነግራቸው ጭልጋን በሚገባ እንደሚያውቁት ነገሩኝ፤ ከብት ያጠጡበት የነበረውንም ወንዝ በስሙ ጠሩልኝ።